አንድ ስዊች፣ ብዙ ኔትወርክ፦ የቪላን ታግ እና የፖርት መለያዎች እንዴት ይሠራሉ?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትልኩልን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ ስዊቹ ላይ ቪላን ተሠርቷል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል፣ ግን ለእንግዳ ተብሎ የተለየው ዋይፋይ አሁንም የቢሮውን አይፒ ይሰጣል። ስህተቱ ምኑ ጋ ነው? ዛሬ መልሱን ከሥሩ ይዘን መጥተናል። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ስዊች ፊት ስትቀመጡ ያስፈልጋችኋል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

ባለ ሁለት ፎቅ ፔንሲዮን እንውሰድ። ታች የካሸር ኮምፒውተር፣ የሒሳብ ሰርቨር እና የሲሲቲቪ ካሜራ መቅጃ አለ። በየፎቁ ደግሞ የእንግዳ ዋይፋይ አለ። ሁሉም ገመድ ተጎትቶ አንድ ተራ ስዊች ላይ ከተሰካ፣ የዋይፋይ ፓስወርድ የተሰጠው ሰው ሁሉ ከሒሳብ ሰርቨሩ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስልኩ ላይ ኔትወርክ የሚያስስ ነጻ አፕ ከፍቶ የካሜራውን መግቢያ ገጽ ሊያገኝ ይችላል። የካሜራው ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነማ አለቀ።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን ስዊችና ገመድ መግዛት ነው፤ ግን ወጪው ቀላል አይደለም። ቪላን ያንኑ አንድ ስዊች ከፋፍሎ እንደ ብዙ ስዊች ያሠራዋል። ችግሩ፣ በትክክል ካልተሠራ ከነጭራሹ ካለመሥራት ይብሳል። ምክንያቱም ባለቤቱ "ተለያይቷል" ብሎ ልቡን ጥሎ ይተኛል።

ስዊች ያለ ቪላን ምን ያደርጋል?

ስዊች ወደ እሱ የሚመጣውን ፍሬም ሲቀበል መጀመሪያ የላኪውን ማክ አድራሻ ያያል። ከዛም "ይሄ አድራሻ በፖርት 5 በኩል ነው ያለው" ብሎ ሠንጠረዡ ላይ ይመዘግባል። ቀጥሎ የተቀባዩን አድራሻ ይፈልጋል። ካገኘው ወደዛ ፖርት ብቻ ይልካል። ካላገኘው ወይም መልእክቱ ለሁሉም የተላከ ብሮድካስት ከሆነ፣ ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ፖርቶች ይበትነዋል።

አንድ ኮምፒውተር አይፒ ለማግኘት የሚያሰማው የዲኤችሲፒ ጥሪም እንዲሁ ብሮድካስት ነው። ስለዚህ ተራ ስዊች ላይ ጥሪው ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ ቀድሞ የመለሰው ሰርቨርም አይፒ ይሰጣል።

ቪላን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቤልኮር በተባለው የምርምር ተቋም ይሠራ ከነበረው ከዴቪድ ሲንኮስኪ ጋር ይያያዛል። የሁሉም አምራቾች መግባቢያ የሆነው ደረጃ ማለትም 802.1ኪው ደግሞ በ1998 በአይ ትሪፕል ኢ ወጣ። ከዛ በፊት ሲስኮ አይኤስኤል የሚባል የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ፍሬሙን እንዳለ በ30 ባይት ይጠቀልለው ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል 802.1ኪውን ይጠቀማል።

ታጉ ውስጥ ምን አለ?

ታግ ማለት በፍሬሙ መሐል የምትገባ 4 ባይት ብቻ ናት። ቦታዋ ከላኪው ማክ አድራሻ ቀጥሎ፣ ከይዘቱ ዓይነት መግለጫ በፊት ነው። በአራት ትከፈላለች፦

1. የመጀመሪያው 16 ቢት "ይሄ ፍሬም ታግ አለው" የሚል ምልክት ነው። በሄክሳዴሲማል ሲጻፍ 8100 ይሆናል።
2. ቀጣዩ 3 ቢት የቅድሚያ ደረጃ ነው፤ ከ0 እስከ 7። የስልክ ድምፅ ከፋይል ዳውንሎድ ቀድሞ እንዲያልፍ የሚደረገው በዚህ ነው።
3. ቀጥሎ 1 ቢት አለ፤ መጨናነቅ ሲፈጠር ቀድሞ ሊጣል የሚችለውን ፍሬም ያመለክታል።
4. የመጨረሻው 12 ቢት የቪላኑ ቁጥር ነው።

በ12 ቢት 4096 ቁጥር ይገኛል። ነገር ግን 0 እና 4095 ለሌላ ጉዳይ የተያዙ ናቸው። 0 "ቅድሚያ ብቻ እንጂ የቪላን ቁጥር የለኝም" ማለት ነው። ስለዚህ ለሥራ የሚውለው ከ1 እስከ 4094 ነው።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ታጉ ሲጨመር ትልቁ የኤተርኔት ፍሬም ከ1518 ወደ 1522 ባይት ያድጋል። መሐል ላይ ይህን መጠን የማይቀበል ያረጀ ዕቃ ካለ ትንንሽ ፍሬሞች ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ ይጣላሉ። ምልክቱ ግራ ያጋባል፤ ፒንግ ይሠራል፣ ድረ ገጽ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እያንዳንዱ ፖርት የሚመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች

ብዙ ሰው ቪላንን "ፖርት 5 የቪላን 20 ነው" ብሎ ብቻ ያስበዋል። ስዊቹ ግን እንደዛ አያስብም። መግቢያውና መውጫው ለየብቻ ነው የሚወሰነው። ግማሹ ስህተት የሚመጣው ይሄን ካለማወቅ ነው።

ጥያቄ አንድ፦ የገባው ፍሬም የየትኛው ቪላን ነው?

ፍሬሙ ታግ ይዞ ከመጣ ቁጥሩን ከታጉ ያነባል። ታግ ከሌለው ግን ስዊቹ የፖርቱን ፒቪአይዲ ይመለከታል። ፒቪአይዲ ማለት በዚህ ፖርት ያለ ታግ ለሚገባ ሁሉ የሚሰጥ የቪላን ቁጥር ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ በሁሉም ፖርቶች ላይ 1 ነው። ታጉ ላይ ያለው ቁጥር 0 ከሆነም የሚሠራው ፒቪአይዲው ነው።

እዚሁ መግቢያ ላይ ሌላ ፍተሻ አለ። ፖርቱ የዛ ቪላን አባል ካልሆነ ፍሬሙ ይጣል ወይስ ይለፍ? ይህን የሚወስነው የመግቢያ ማጣሪያ የሚባለው ቅንብር ነው። ሲበራ ይጥለዋል።

ጥያቄ ሁለት፦ ወዴት ይሂድ?

አብዛኞቹ ስዊቾች ማክ አድራሻን የሚመዘግቡት ከቪላን ቁጥሩ ጋር አጣምረው ነው። የቪላን 20 ፍሬም የሚፈለገው የቪላን 20 መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። ብሮድካስትም ቢሆን የሚበተነው የቪላን 20 አባል በሆኑ ፖርቶች ብቻ ነው።

ጥያቄ ሦስት፦ ሲወጣ ታግ ይኑረው ወይስ ይነሳለት?

ይሄ ለእያንዳንዱ ፖርትና ለእያንዳንዱ ቪላን ለየብቻ የሚሞላ ነው። ፖርት 24 ለቪላን 20 "ታግ ያለው" ከተባለ ፍሬሙ ታጉን እንደያዘ ይወጣል። ፖርት 3 ለቪላን 20 "ታግ የሌለው" ከተባለ ታጉ ተነስቶ ይወጣል።

በአገር አቋራጭ አውቶብስ ዕቃ የላከ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሻንጣው መናኸሪያ ሲደርስ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ከሌላው ሰው ሻንጣ ጋር አንድ ላይ ስለሚጫን የግድ ነው። ደሴ ሲደርስ ቁጥሩ ታይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ቤቱ ከገባ በኋላ ቁጥሩ ለማንም አያስፈልግም።

አንድ ፍሬም ተከትለን እንሂድ

ወደ ፔንሲዮናችን እንመለስ። ቪላን 10 ለቢሮ፣ 20 ለእንግዳ፣ 30 ለካሜራ ይሁን። ታች ስዊች ሀ፣ ላይ ስዊች ለ አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ በሁለቱም በኩል ፖርት 24 ላይ ተሰክቷል። ራውተሩ ስዊች ሀ፣ ፖርት 1 ላይ ነው። የላይኛው ፎቅ የእንግዳ ዋይፋይ ደግሞ ስዊች ለ፣ ፖርት 3 ላይ።

እንግዳው ስልኩን ያገናኛል፤ ስልኩ አይፒ ፍለጋ ይጣራል። ጥሪው ታግ ሳይኖረው ፖርት 3 ይደርሳል። የፖርት 3 ፒቪአይዲ 20 ስለሆነ ጥሪው የቪላን 20 ይሆናል። ብሮድካስት ነውና የቪላን 20 አባል ወደሆኑ ፖርቶች ብቻ ይሄዳል፤ ከነሱ አንዱ ፖርት 24 ነው። እዛ ላይ ቪላን 20 "ታግ ያለው" ስለተባለ 20 የሚል ታግ ተለጥፎበት ይወርዳል። ስዊች ሀ ታጉን ያነባል፣ ፖርት 24 የቪላን 20 አባል መሆኑን ያረጋግጣል፣ ታጉን ሳያነሳ በፖርት 1 ለራውተሩ ይሰጠዋል። ራውተሩ ለእንግዳ ከተመደበው ክልል አይፒ ይመልሳል። መልሱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ፖርት 3 ላይ ታጉ ተነስቶለት ስልኩ ጋ ይደርሳል። ስልኩ ቪላን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም።

ያው ዋይፋይ የእንግዳና የሠራተኛ ሁለት ስም የሚያሰራጭ ከሆነስ? ያኔ ታጉን የሚለጥፈው ዋይፋዩ ራሱ ይሆናል። ፖርት 3ም ለሁለቱም ቪላኖች "ታግ ያለው" መባል አለበት።

ስሙ በየአምራቹ ይለያያል

ሲስኮ ላይ ለአንድ ተጠቃሚ የሚሰጠው "አክሰስ" ፖርት ይባላል። ብዙ ቪላን የሚያሳልፈው "ትራንክ" ነው። ትራንክ ላይ ያለ ታግ የሚያልፈው አንዱ ቪላን "ኔቲቭ ቪላን" ይባላል። አክሰስ ስትሉት ፒቪአይዲውንም የመውጫ ሁኔታውንም አንድ ላይ ያስተካክልላችኋል።

ሁዋዌ ላይ ከአክሰስና ከትራንክ ሌላ "ሃይብሪድ" የሚባል አለ፤ በአንድ ፖርት ከአንድ በላይ ቪላን ያለ ታግ እንዲወጣ ይፈቅዳል።

በብሮውዘር የሚስተካከሉት ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ስዊቾች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ገጾች አሉ። አንዱ ላይ የአባላት ዝርዝር ይሞላል፤ ሌላው ላይ ፒቪአይዲ። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

፩. ፒቪአይዲን መርሳት

ፖርት 3ን የቪላን 20 "ታግ የሌለው" አባል አደረጋችሁት፣ ፒቪአይዲው ግን 1 እንደሆነ ቀረ፤ ቢሮውም ገና ቪላን 1 ላይ ነው እንበል። የእንግዳው ጥሪ ሲገባ የቪላን 1 ተብሎ ይመዘገባል። ፖርቱ ከቪላን 1 አባልነት ካልወጣ የቢሮው ዲኤችሲፒ ይመልስለታል፤ እንግዳው የቢሮ አይፒ ይዞ ይቀመጣል። ከቪላን 1 ወጥቶ የመግቢያ ማጣሪያው ከበራ ጥሪው ይጣላል፤ አይፒ አያገኝም። ማጣሪያው ካልበራ ደግሞ ጥሪው ቢሮ ይደርሳል፣ መልሱ ግን አይመለስም። እንግዲህ ሦስት የተለያየ ምልክት፣ አንድ በሽታ። መድኃኒቱ አባልነትንም፣ ፒቪአይዲንም፣ ከቪላን 1 ማስወጣትንም ሦስቱንም ማስተካከል ነው።

፪. የኔቲቭ ቪላን አለመገጣጠም

ስዊች ሀ ላይ ኔቲቭ ቪላኑ 1፣ ስዊች ለ ላይ 99 ነው እንበል። ሀ የቪላን 1ን ፍሬም ያለ ታግ ይልካል፤ ለ ያለ ታግ የመጣውን በሙሉ ቪላን 99 ውስጥ ይከታል። ሳይታወቅ ሁለት ኔትወርኮች ተጋቡ ማለት ነው። ሁለቱም ሲስኮ ከሆኑና ሲዲፒ ከበራ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የተለያየ አምራች ሲሆን ግን የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል።

፫. ራስን ቆርጦ ማስወጣት

ስዊቹን የምታስተዳድሩበት አይፒም በአንዱ ቪላን ውስጥ ነው። ከርቀት ሆናችሁ ያንን ቪላን ከትራንኩ ካወጣችሁት መግቢያችሁን ዘጋችሁ። እኛም አንዴ ደርሶብናል፤ ማታ የአንድ ደቂቃ ሥራ ያልነው ነገር ጠዋት በታክሲ ሄደን ኮንሶል ገመድ እንድንሰካ አድርጎናል። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን መንገድ ክፈቱ፣ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ከዛ አሮጌውን ዝጉ። ቅንብሩንም ሳትሞክሩ ሴቭ አታድርጉ፤ ብዙ ስዊቾች ላይ ካልተቀመጠ ማጥፋትና ማብራት ወደ ድሮው ይመልሰዋል።

፬. ትራንክ መሐል ተራ ስዊች ማስገባት

ገመድ አልደርስ ሲል መሐል ላይ ርካሽ ስዊች የሚያስገቡ አሉ። ተራው ስዊች ታጉን አያነብም፣ አያጣራም። ከታጉ ጋር ካሳለፈውም የሁሉም ቪላን ብሮድካስት እዛ ለተሰካ ሁሉ ይዳረሳል። አጥሩ ፈርሷል ማለት ነው።

፭. ራውተሩን መዘንጋት

ስዊቹ ለይቶ የሰጠውን ራውተሩ መልሶ ሊያገናኘው ይችላል። ብዙ ራውተሮች የሚያውቋቸውን ኔትወርኮች በሙሉ እርስ በርስ ያሳልፋሉ። ከቪላን 20 ወደ 10 እና 30 የሚሄደውን የሚከለክል የፋየርዎል ሕግ ካልተጻፈ፣ እንግዳው አሁንም ካሜራው ጋ ይደርሳል፤ መንገዱ ብቻ ተቀየረ። በእኛ እምነት በብዛት የሚረሳው ይሄኛው ነው።

ፖርት ስንት መለያ አለው?

"ፖርት 5" ስንል ሁላችንም አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል። ስዊቹ ውስጥ ግን ያው ፖርት ብዙ መታወቂያ አለው።

የመጀመሪያው ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥርና በቅንብር ውስጥ ያለው ስም ነው። ተደራርበው በሚሠሩ የሲስኮ ስዊቾች ላይ "1/0/5" ሲል የመጀመሪያው ቁጥር ስዊቹ ራሱ፣ ሁለተኛው ሞጁሉ፣ ሦስተኛው ፖርቱ ነው።

ሁለተኛው በኤስኤንኤምፒ ለሚከታተሉ ሶፍትዌሮች የሚሰጠው የኢንተርፌስ መለያ ቁጥር ነው። ይሄ ቁጥር ፊት ላይ ከተጻፈው ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ስዊቹ ሲነሳ ሊቀየርም ይችላል።

ሦስተኛው የብሪጅ ፖርት ቁጥር ነው። የማክ ሠንጠረዡ በኤስኤንኤምፒ ሲነበብ የሚያሳየው ይሄን ነው፤ የኢንተርፌሱን አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ሠንጠረዥ አለ። እሱን ሳያዩ "ቫይረስ የሚበትነው ኮምፒውተር ፖርት 12 ላይ ነው" ብሎ ገመድ የነቀለ ሰው የሌላ ሰው ሥራ ሊያቋርጥ ይችላል።

አራተኛው የስፓኒንግ ትሪ ፖርት መለያ ነው። 16 ቢት ሲሆን የላይኛው 4 ቢት ቅድሚያ፣ የታችኛው 12 ቢት ቁጥር ነው። ቅድሚያው ካልተነካ 128 ስለሆነ "128.5" ተብሎ ይታያል። ሁለት ስዊቾችን በሁለት እኩል ገመድ ብታገናኙ፣ ዙር እንዳይፈጠር አንዱ መዘጋት አለበት። ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን የሚወስነው ለሩት የቀረበው ስዊች የሚልከው የፖርት መለያ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል፣ ሌላኛው ይዘጋል።

አምስተኛው የኤልኤልዲፒ ፖርት መለያ ነው። ኤልኤልዲፒ ስዊች ለጎረቤቱ "እኔ እገሌ ነኝ፣ በዚህ ፖርት ነው የተገናኘነው" የሚልበት ፕሮቶኮል ነው። በተለምዶ በየ30 ሰከንዱ ይላካል፤ መረጃው ካልታደሰ በ120 ሰከንድ ይጠፋል። የግድ የሚይዘው የዕቃውን መለያ፣ የፖርቱን መለያና የመረጃውን ዕድሜ ነው። የፖርቱ መለያ ግን በአንዱ አምራች የኢንተርፌሱ ስም፣ በሌላው ማክ አድራሻ፣ በሌላው ተራ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል ዓይነቱን አብራችሁ አንብቡ። ኤልኤልዲፒ የፖርቱን ፒቪአይዲ ጭምር ሊያሳውቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ ቅድም ያልነውን የኔቲቭ ቪላን አለመገጣጠም ለመያዝ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ታጉን እንደ ማጥቂያ

ቪላን 1 ላይ የተሰካ ሰው በኮምፒውተሩ ሁለት ታግ ያለው ፍሬም ይሠራል፤ ከላይ 1፣ ከውስጥ 20። የመጀመሪያው ስዊች ፍሬሙን የቪላን 1 አድርጎ ይቀበላል። ትራንኩ ላይ ኔቲቭ ቪላኑ 1 ስለሆነ የላይኛውን ታግ ያነሳል። ሁለተኛው ስዊች የሚያየው 20 የሚለውን ነው፣ ወደ ቪላን 20 ያስገባዋል። መልስ ስለማይመለስ ጥቃቱ የአንድ አቅጣጫ ነው፤ ቢሆንም ጉዳት አለው።

መከላከያው ቀላል ነው። ኔቲቭ ቪላኑን ማንም ተጠቃሚ የሌለበት ቁጥር አድርጉት፤ ወይም ኔቲቩም ታግ ይዞ እንዲያልፍ እዘዙ። የተጠቃሚ ፖርቶች ታግ ያለው ፍሬም እንዳይቀበሉ አድርጉ። ትራንክ ላይም የሚያስፈልጉትን ቪላኖች ብቻ ፍቀዱ።

በነገራችን ላይ ሁለት ታግ ሁሌም ጥቃት አይደለም። የኢንተርኔት አቅራቢዎች የደንበኛውን ታግ ሳይነኩ የራሳቸውን ከላይ ይጨምራሉ። ይሄ 802.1ኤዲ ይባላል፤ የውጭው ታግ ምልክትም በሄክሳዴሲማል 88ኤ8 ነው። 4094 ቪላን ለማይበቃቸው ትልልቅ የዳታ ማዕከሎች ደግሞ ቪኤክስላን አለ፤ በ24 ቢት ቁጥሩ ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ መለያ ይሰጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት ይሄን አረጋግጡ

• እያንዳንዱ ፖርት ፒቪአይዲው እና "ታግ የሌለው" አባልነቱ አንድ ቁጥር ነው?
• ከቪላን 1 መውጣት ያለበት ሁሉ ወጥቷል?
• የትራንኩ ሁለት ጫፍ አንድ ዓይነት ቪላንና አንድ ዓይነት ኔቲቭ ይዟል?
• ራውተሩ ላይ የእንግዳውን መንገድ የሚዘጋ ሕግ አለ?
• የትኛው ገመድ የት እንደተሰካ በወረቀት ተጽፎ ስዊቹ አጠገብ ተለጥፏል?

የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። ስልካችሁን ከእንግዳው ዋይፋይ ጋር አገናኙ፣ የካሜራውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ጻፉ። ገጹ ከተከፈተ ሥራው አላለቀም፤ ወደ ስዊቹና ወደ ራውተሩ ተመለሱ። ካልተከፈተ የሒሳብ ሰርቨሩንም በተመሳሳይ መንገድ ሞክሩ፣ ሁለቱም እንቢ ካሉ ነው በሩን ዘግታችሁ የምትወጡት።

ጥያቄ ካላችሁ የስዊቹን ሞዴል ጨምራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ፓስወርድና የውጭ አይፒ ግን ስክሪንሾቱ ላይ እንዳይታይ አደራ። ለሚመለከተው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።